አገር የማያስከፍል መላምት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቅፎ መጣ። ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ "ጋሼ፣ ቻፕተር ቱ ገደለኝ" አለ። ማታ ማታ ኤምቢኤ ሲማር ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ አሁን የቀረው የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው። ርዕሱን አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል። "የሥራ ተነሳሽነት በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ"፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፣ ቀጥሎ የአንድ ባንክ ስም። የባንኩን ስም አልጠቅስም፤ መጥቀሱም አይረባም። የዚህ ዓይነት ጥናት ደግነቱ የባንኩን ስም አውጥታችሁ የጎረቤቱን ብታስገቡበት ከውስጡ አንዲት ፊደል ቅር አይላትም።

"ስንት ቀረህ?" አልኩት።

"ሃያ ገጽ።"

"ስለ ምን?"

"ስለ ምንም ይሁን ጋሼ። ብቻ ሃያ ገጽ ይሙላ ተብያለሁ።"

ቻፕተር ቱ፣ የቀደሙ ጥናቶች የሚዳሰሱበት ክለሳ ድርሳናት፣ እንደ አቡጀዲ በክንድ የሚለካበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ያለውን ተቀብዬ ማንበብ ጀመርኩ። "እገሌ (2009) ተነሳሽነት ማለት ሰውን ወደ ግብ የሚገፋ ኃይል ነው ይላል። እገሊት (2013) በበኩሏ ተነሳሽነት ማለት ሰው ወደ ግብ እንዲሄድ የሚያደርግ ግፊት ነው ትላለች። እነ እገሌ (2017) ደግሞ ተነሳሽነትን ወደ ግብ የሚመራ ጉልበት ሲሉ ይተረጉሙታል።" እንዲህ እያለ ስድስት ገጽ ይሄዳል። ሁሉም በየተራ ይጠራሉ፣ ሁሉም "አቤት" ይላሉ፣ ማንም ማንንም አያናግርም። የእድር ስም ጥሪ ከዚህ ይሻላል፤ እድር ላይ ቢያንስ የቀረ ሰው ይቀጣል።

ሰባተኛው ገጽ ላይ የማስሎ ፒራሚድ ተገትሯል። አምስት እርከን፣ ቀለም የተቀባ፣ ከሥሩ "ምንጭ፦ ማስሎ (1943)" የተባለበት።

"ማስሎን አንብበኸዋል?"

"ማስሎን ያላነበበ ማን አለ ጋሼ?"

"የ1943ቱን ጽሑፍ ማለቴ ነው።"

ዝም አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አብርሃም ማስሎ እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ሰው ልጅ ተነሳሽነት ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የሚባል ነገር የለም። ፍላጎቶችን አምስት ቦታ ከፍሎ በቃል አስረዳ እንጂ ሦስት ማዕዘን አልሣለም። ሥዕሉ የመጣው ኋላ ነው፤ ሐሳቡን ለሥራ አስኪያጆች ያቀርቡ ከነበሩ ሌሎች ሰዎች እጅ። ታዲያ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ነው ያልተሣለ ሥዕል ከማስሎ እጅ የተቀበለው! የእህቴ ልጅ ፒራሚዱን ያገኘው ካቻምና ከተመረቀ ጓደኛው ነው። ጓደኛው ከታላቅ እህቱ፣ እህቱ ደግሞ ከአንድ ጽሕፈትና ጥረዛ ቤት ኮምፒውተር ላይ። የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ሰባት ትውልድ ይሄዳል፤ ማስሎ ዘንድ ግን አይደርስም።

ከምንጮቹ መካከል አንዱ በጣም ማረከኝ። በቀጥታ ስለ ኢትዮጵያ ባንክ ሠራተኞች የተጻፈ፣ ቅጹም፣ ቁጥሩም፣ ገጹም የተሟላለት። ልናነበው ብንፈልገው የለም። በደራሲው ስም ብንፈልግ የለም፣ በርዕሱ ብንፈልግ የለም። ለካ የሰጠው ቻትጂፒቲ ነው። ማሽኑ ምንጭ ሲያጣ ምንጭ ይወልዳል፤ ለደራሲው ስም ያወጣለታል፣ ዓመት ይቆርጥለታል፣ መጽሔት ውስጥ ያስቀጥረዋል። በእኛ ጊዜ ተማሪ ያላነበበውን ይጠቅስ ነበር፤ ዛሬ ያልተጻፈውን መጥቀስ ተችሏል። እድገት ነው።

ከዚያ "ክፍተቱ" መጣ። ተማሪ ሁሉ ሌሎች ሳይሞሉት የተዉትን ክፍተት ማሳየት አለበት። የእህቴ ልጅ እንዲህ አሳይቶታል፦ "አጥኚው እስከሚያውቀው ድረስ በዚህ ባንክ፣ በዚህ ዲስትሪክት፣ በዚህ ርዕስ ላይ የተካሄደ ጥናት የለም።" እውነት ነው፣ የለም። ጓሮዬ ውስጥ ባለችው ዶሮ ላይም የተካሄደ ጥናት የለም። አለመጠናት ብቻውን የሚያስጠና ከሆነ እሷም ተራዋን ትጠብቅ። "አጥኚው እስከሚያውቀው ድረስ" የምትለዋ ሐረግ ደግሞ ብልህ ናት። አጥኚው ትንሽ ባወቀ ቁጥር ክፍተቱ እየሰፋለት ይሄዳል፤ ምንም ያላነበበ ሰው ዓለምን በሙሉ ክፍት ሆና ያገኛታል።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅኩ ነበር። ያስቆመኝ ገጽ 14 እና ገጽ 27 ነው። ገጽ 14 ላይ ፍሬድሪክ ሄርዝበርግ አለ። ሄርዝበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካ ውስጥ፣ ፒትስበርግ አካባቢ፣ ወደ 200 የሚጠጉ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ሥራቸውን የወደዱበትንና የጠሉበትን ጊዜ እንዲያወጉ ጠይቀው ነበር። የደረሱበት ባጭሩ ይህ ነው፦ ደመወዝ ሲያንስ ሰው ያማርራል፤ ሲበቃው ግን ማማረሩን ያቆማል እንጂ ለሥራ አይነሳም። የሚያስነሳው ሥራው ራሱ፣ የሠራው ነገር መሳካቱ፣ "ጎበዝ" መባሉ ነው። ገጽ 27 ላይ ደግሞ የእህቴ ልጅ አንደኛ መላምት ተቀምጧል፦ "ደመወዝ በሠራተኞች ተነሳሽነት ላይ አዎንታዊና ጉልህ ተጽዕኖ አለው።"

"ሄርዝበርግ እኮ እንዲህ አላለም" አልኩት።

"ምን አለ?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? ገጽ 14 ላይ የጻፍከው አንተ ነህ።"

ወደ ገጽ 14 ተመለሰና የራሱን ጽሑፍ ሲያነብ ፊቱ የሰው ደብዳቤ በስሕተት የከፈተ ሰው ፊት መሰለ። እንግዳ በክብር ጠርቶ፣ ወንበር ሰጥቶ፣ ቡና አቅርቦ፣ የተናገረውን ግን አለመስማት ይሏል ይህ ነው። የሚያሳዝነው ያ ሲፈልገው የከረመ ክፍተት እዚያው መሐል ተኝቶ ነበር። ሄርዝበርግ ከጠየቃቸው ሰዎች ከፊሎቹ የሒሳብ ባለሙያዎች ናቸው፤ የባንክ ሠራተኛውም ከዚያው ወገን ነው። ኑሯቸው ግን አይገናኝም። የቤት ኪራይ ደመወዙን ቀድሞት የሚሄድ የአዲስ አበባ ገንዘብ ከፋይ እንደዚያ የፒትስበርግ ሰው ይመልስ ይሆን? ጥያቄው ይኸው። ልጁ ይህን ታቅፎ ነው ክፍተት ፍለጋ ዲስትሪክት ለዲስትሪክት የዞረው።

የቀደሙትን ማናገር ደግሞ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በመጽሐፍ ቤት የአንድምታው መምህር አንዱን ንባብ ይዞ ይተረጉመዋል፤ ከዚያ "አንድም" ብሎ ሌላ ትርጓሜ ያመጣል፤ እንደገና "አንድም" ይላል። ትርጓሜዎቹ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይገፋፋሉ። ተማሪው የሁሉንም ልዩነት ይዞ ነው የሚነሳው። የእኛ ክለሳ ድርሳናት "አንድም" የለውም፤ ያለው "ደግሞ" ብቻ ነው። እገሌ ደግሞ፣ እገሊት ደግሞ። ቅኔ ቤት ብትሄዱ አዲስ ቅኔ ያፈለቀ ተማሪ "ዘረፈ" ይባላል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ግን መሳቂያ ይሆናል። እኛ ቃሉን ወርሰን ትርጉሙን ገለበጥነው። ዛሬ የሚዘረፈው የካቻምናው ተመራቂ ነው።

ወደ መላምቶቹ ተሻገርን። አምስት ናቸው፤ ደመወዝ፣ የሥራ ዕድገት፣ ሥልጠና፣ ዕውቅና፣ የሥራ አካባቢ። አምስቱም እንደ ሰልፈኛ አንድ ልብስ ለብሰው "አዎንታዊና ጉልህ ተጽዕኖ አለው" ብለው ይቆማሉ።

"ከእነዚህ የትኛው ሊወድቅ ይችላል?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ኧረ በስመ አብ! ለምን ይወድቃል ጋሼ?"

መላምት የሚለው ቃል "መላ መምታት" ከሚለው የመጣ ነው። ልጆች ሳለን መላ መምታት ዋጋ ነበረው። ማታ እሳት ዳር "እንቆቅልሽ" ስንባል "ምን አውቅልህ" ብለን እንቀበልና መላችንን እንመታለን። ከሳትን ዕዳ አለ፤ "አገር ስጠኝ" እንባላለን። እኔ በአንድ ምሽት ጎንደርን፣ ሐረርንና ጅማን አስረክቤ ባዶዬን የተኛሁበትን ቀን አልረሳውም። አገር መስጠቱ ብቻ አይደለም፤ ጠያቂው የሰጠነው አገር ገብቶ እንዴት እንደተንደላቀቀ እያወራ ልባችንን ካደረቀው በኋላ ነው መልሱን የሚነግረን። ስለዚህ መላ ከመምታታችን በፊት እናስብ ነበር፤ ፍንጩን እናገላብጥ፣ ትናንት የተባለውን እናስታውስ ነበር። ክለሳ ድርሳናት ማለት ይኸው ነው፤ አገር ላለመስጠት የሚደረግ ማሰብ። አገር የማያስከፍል መላምት ግን መላምት አይደለም፤ ምርቃት ነው። ለካ ምርቃት የሚሉትም በከንቱ አይደለም።

ልጁን የምተቸው ጨዋ ስለነበርኩ እንዳይመስላችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት እኔም አምስት መላምት አቅርቤ አምስቱም ጸድቀውልኛል። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ የጻፍኳቸው ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውጤቱን ካሳየኝ በኋላ ነው። ስድስተኛም ነበረችኝ። ውጤቷ አላምር ሲለኝ ከምዕራፍ አንድ ጀምሬ ስሟን እያሰስኩ አጠፋሁት፤ እንዳልተወለደች ሆነች። እንቆቅልሽ ላይ መልሱን ከሰማ በኋላ "እኔም እሱን ልል ነበር" የሚል ልጅ ይሳቅበታል፤ እኔ ግን "በጣም ጥሩ" ተሰጥቶኝ ጋውን ለብሼ ፎቶ ተነሳሁ።

መላምቶቹ ቀድመው ቢጻፉም እንኳ የሚጸድቁበት ሌላ መንገድ አለ፤ መጠይቁ። የእህቴ ልጅ ባንክ በዚያ ዲስትሪክት 420 ሠራተኛ አለው። ልጁ በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ እንደ አባታችን ሆይ የሚደገመውን የያማኔን የናሙና ቀመር አወጣ፤ አምስት ከመቶ ስሕተት ቢፈቀድ 205 ሰው ይበቃል። ለ205 ሰው ሬንሲስ ላይከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቀውን ዓይነት ሚዛን፣ ከ"በጣም አልስማማም" እስከ "በጣም እስማማለሁ"፣ ከአንድ እስከ አምስት አድርጎ በተነ። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው፤ መስኮቱ ፊት ወረፋ አለ፤ ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ቆሟል። ሠራተኛዋ ምን ታድርግ? እስክሪብቶዋን 4 ላይ አስቀምጣ ከላይ እስከ ታች እንደ ዝናብ ታወርደዋለች። ጎረቤቷ ደግሞ 5ን መርጦ ያወርዳል፤ ያኮረፈው 2ን። እንግዲህ ኮምፒውተሩ ምን ያያል? ዕውቅና ከፍ ባለበት ሁሉ ደመወዝ ከፍ ብሏል፤ ደመወዝ ከፍ ባለበት ሁሉ ሥልጠና ከፍ ብሏል። ተዋውቀው የማያውቁ ነገሮች ወንድማማች ሆነው ይወጣሉ። ጉልህ ዝምድና!

ታዲያ ደህና መላ ከየት ይመጣል? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ ወንዙ አንድ ቦታ ላይ ከሌላው ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከፍ ብሎ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ቀንድ አውጣዎቹ የበሽታው ተሕዋስ የሚያድግባቸው ማደሪያዎች ናቸው። መላው እዚያው ወንዝ ዳር ተመታ፦ የገደላቸው እንዶዱ ቢሆንስ? ይህ አገር የሚያስከፍል መላ ነው። በሕይወት ያለ ቀንድ አውጣና እንዶድ አንድ ውኃ ውስጥ ገብተው ቀንድ አውጣው ቢተርፍ ነገሩ ያበቃለታል። አልተረፈም። የዓመታት ጥናት ከዚያ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ልብ በሉ፤ "እስከማውቀው ድረስ በዚህ ወንዝ ላይ ጥናት የለም" ብለው አልጀመሩም። ዓይናቸውን ገልጠው አዩና፣ ሊረቱ በሚችሉበት ቦታ ጠየቁ።

"እኔ ወንዝ ከየት ላምጣ?" አለ የእህቴ ልጅ።

ወንዝ አላስፈለገም፤ እናቴ አለች። እናቴ በስቶቭ የተፈላ ቡና ቡና አይደለም ባይ ናት። ከሰል ላይ የተፈላውን አንድ ጊዜ ፉት ብዬ እለየዋለሁ ትላለች፤ ይህን ስትል አሥር ዓመት ሆናት። ለልጁ የፊሸርን ነገር አጫወትኩት። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ሙከራ አነዳደፍ ባሳተመው መጽሐፍ አንዲት ሴት ያነሳል፤ ኩባያው ውስጥ ቀድሞ የገባው ወተቱ ይሁን ሻዩ ቀምሼ አውቃለሁ ባይ ናት። ስምንት ኩባያ ይቀርብላታል፤ አራቱ እንዲህ፣ አራቱ እንዲያ፣ ተራቸው በዕጣ። በግምት ብቻ ብትሄድ ሁሉንም ለይታ የማግኘት ዕድሏ ከ70 አንድ ነው። መጽሐፉ ሴትየዋ ተሳካላት አልተሳካላት አይነግረንም። ለፊሸር ቁም ነገሩ ከመቅመሷ በፊት ምን ቢሆን "አወቀች"፣ ምን ቢሆን "አላወቀችም" እንደሚባል መቁረጡ ነበር።

እሑድ ሁለት ጀበና ተጣደ፤ አንዱ ከሰል ላይ፣ አንዱ ስቶቭ ላይ፤ ቡናው አንድ፣ አቆላሉ አንድ። ስምንት ሲኒ በዕጣ ተደረደረ። "እማዬ፣ ብትስቺስ?" አልኳት። "ከሳትኩ ከነገ ጀምሮ በስቶቭ አፈላለሁ" አለች ያለ ማመንታት። አያችሁ? ዲግሪ የላትም፣ አገር ግን አስይዛለች።

ቀመሰች። ከከሰሎቹ አራት ሲኒዎች ሦስቱን አወቀች፤ አንዱን ሳተች፤ በእሱ ፈንታ የስቶቭ ቡና "ይህማ የከሰል ነው" ብላ አመሰገነች። በጠቅላላው ከስምንት ስድስት ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አሰላ፤ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የተሻለ ውጤት በግምት ብቻ የማግኘት ዕድል ከ70 ውስጥ 17 ነው፤ ከአራት ጊዜ አንዴ ገደማ። "አያቴ፣ ጉልህ አይደለም" አላት እየፈራ። እናቴ አልተበገረችም። ከሰሉ እርጥብ ነበር፣ አንዱ ሲኒ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ስምንት ሲኒ የጠጣ ምላስ ደግሞ አይታመንም። ልጁ አፉን ከፍቶ አያት፤ የጥናቱን ውስንነቶች ከእሱ ምዕራፍ አንድ አሳምራ ዘርዝራለች። በዚያ ላይ "ለሚመጣው እሑድ ከሰሉን ራሴ መርጬ ይደገም" አለች። እስከዚያው ድረስ ግን ዕዳዋን አልካደችም፤ ረቡዕና ዓርብ በስቶቭ ለማፍላት ተስማማች። ከስምንት ሁለት ስለሳተች፣ ከሳምንት ሁለት ቀን።

ልጁ ሰኞ ማታ ደወለልኝ። አንደኛውን መላምት ቀይሮታል፦ ቤት ተከራይተው በሚኖሩ ሠራተኞች ዘንድ ከተነሳሽነት ጋር ይበልጥ የሚዛመደው ከዕውቅና ይልቅ ደመወዝ ነው፤ በራሳቸው ቤት በሚኖሩት ዘንድ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ከሥሩም "ይህ ልዩነት ካልታየ ሄርዝበርግ ረትቶኛል" ብሎ ጽፏል። መጠይቁንም ወደ አማርኛ መልሶታል። ሐሙስ አማካሪው "ይህችን አውጣት፤ ካልተሳካች ምን ልትል ነው?" ብሎ መለሰበት። ይህን ሲነግረን እናቴ ቡና ትቆላ ነበር። ቀና እንኳ ሳትል መለሰችለት፦

"አገር ይስጣ!"

መላምቷን አላወጣትም። ሰሞኑን አዲስ መጠይቅ ይዞ በየቅርንጫፉ ይዞራል፤ ሃያ ሁለት ጥያቄ ነው፣ ከሩብ ሰዓት አይወስድም። ከ205ቱ አንዱ የሆናችሁ አንባቢያን፣ እባካችሁ እስክሪብቶውን ከላይ እስከ ታች ከማውረዳችሁ በፊት ጥያቄውን አንብቡት። ባትስማሙ "አልስማማም" የሚለውም ቦታ ተዘጋጅቶለታል።